ደጋ ላይ የተቃኘ ሞተር ቆላ ሲወርድ፦ ለበረሃ ራሊ የታደሰ የአንድ ላንድሮቨር ጉዳይ

ጉዳዩ በአጭሩ ይህ ነው። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ጋራዥ፣ ሲሪስ 3 የሚባለውን፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 109 ኢንች የሆነውን ላንድሮቨር ለጥንታዊ መኪኖች የበረሃ ራሊ እንዲበቃ አድርጎ አደሰ። መኪናው በከተማው ዙሪያ፣ በአንኮበር መንገድና በጣርማበር ዳገት ላይ ምንም እንከን አልታየበትም። ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ጀውሃ በሚወስደው ሜዳ ላይ ፍጥነት ይዞ መሄድ ሲጀምር ግን የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ፤ ብዙም ሳይቆይ ራዲያተሩ ፈላ። ራዲያተሩ ወርዶ ተጠረገ። ተገጥሞ ሲሞከር እንደገና ፈላ። ምክንያቱ የተገኘው መጀመሪያ ላይ ማንም ባልጠረጠረው ቦታ፣ ቤንዚንና አየር በሚደባልቀው ካርቡሬተርና ድብልቁ የሚቀጣጠልበትን ጊዜ በሚወስነው የእሳት ማስቀደሚያ ላይ ነው።

ጉዳዩን በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁት በአንድ ምክንያት ነው። አገራችን ውስጥ አሮጌ መኪና የሚታደሰው በአብዛኛው ደጋ ላይ ነው፤ የበረሃ ራሊ የሚካሄደው ደግሞ ከዚህ እጅግ ዝቅ ባለ ምድር ነው። ይህን የከፍታ ልዩነት ከቁጥር ያላስገባ እድሳት፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ግማሽ እድሳት ነው። እኔ የአውቶሞቲቭ መምህር ነኝ፤ ሥራውን ከሻንሲው (ከመኪናው አጽም) ጀምሮ ከጋራዡ ሰዎች ጋር ሆኜ ተከታትያለሁ። የባለቤቱንም ሆነ የመካኒኩን ስም አልጠቅስም።

መኪናውን የባለቤቱ አባት ከጨረታ ገዝተው ለረጅም ዘመን በመንዝ መንገድ ሠርተውበታል፤ ሰው፣ እህል፣ በገበያ ቀን በግና ቅቤ ጭነውበታል። እሳቸው ካረፉ በኋላ ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ ቀረ። ልጃቸው በሥራ ምክንያት የሚኖረው ባሕረ ሰላጤው አገር ነው፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ የሚካሄደውን የጥንታዊ መኪኖች ራሊ ያየውም እዚያ ሆኖ ነው። ሌላ መኪና ገዝቶ ማዘጋጀት ይቀለው ነበር። እሱ ግን የፈለገው የአባቱን መኪና ነበር፤ ሥራውም እዚሁ በአገሩ መካኒኮች እጅ እንዲሠራ ወሰነ።

ራሊው ምን ይፈልጋል?

የዳካር ራሊ በፈረንሳዊው ቲዬሪ ሳቢን አነሣሽነት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፓሪስ የተነሣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 1978 ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሰሃራን አቋርጠው፣ 10,000 ኪሎሜትር ያህል ተጉዘው ሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር ገቡ። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ከመኪኖቹ ቀድሞ የገባው ሬንጅ ሮቨር ነበር። ለእኛ ጉዳይ የበለጠ የሚጠቅመው ግን የማሮ ወንድማማቾች ታሪክ ነው፤ ክሎድና በርናር ማሮ በ1980 በትንሿ ሬኖ 4 ሦስተኛ ወጥተዋል። ብዙ ጉልበት ያላቸው መኪኖች አሸዋ ውስጥ ተሰባብረው ሲቀሩ ሬኖ 4 ደርሳለች። ወንድማማቾቹ በ1982 በሬኖ 20 አሸነፉ።

ውድድሩ በ2008 በጸጥታ ስጋት ተሰርዞ በ2009 ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻገረ፤ ከ2020 ጀምሮ የሚካሄደው ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ነው። በ2021 ከዋናው ውድድር ጎን ዳካር ክላሲክ የሚባለው ተጀመረ። መጀመሪያ ሲከፈት የተቀበለው ከ2000 በፊት የተሠሩ መኪኖችን ነበር። እዚህ ላይ ቶሎ የደረሰ አያሸንፍም። ለእያንዳንዱ ክፍል አማካይ ፍጥነት ይሰጣል፤ የሚያሸንፈው የተሰጠውን ፍጥነት ሳያበዛም ሳያሳንስም ጠብቆ፣ በመንገድ መሪው መጽሐፍ አቅጣጫውን ሳይስት የሄደ ነው።

ይህ ሕግ የመካኒኩን ሥራ ከሥሩ ይለውጠዋል። ለንጹሕ የፍጥነት ውድድር የሚዘጋጅ ሰው ጉልበት ይጨምራል። ለዚህ የሚዘጋጅ ግን ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ቀኑን ሙሉ በአንድ ዓይነት ሙቀት የሚሠራ ሞተር፣ የማይሰበር ሻንሲና የማይዋሽ ኪሎሜትር ቆጣሪ።

የጃፓን ሞተር ወይስ የራሱ?

የመጀመሪያው ክርክር በሞተሩ ላይ ነበር። እኛ አገር ዛሬ ድረስ ከሚንቀሳቀሱት አሮጌ ላንድሮቨሮች መካከል የጃፓን ናፍጣ ሞተር የተገጠመላቸው ጥቂት አይደሉም። ለጭነት ሥራ ትክክል ነው፤ መለዋወጫውም በየቦታው አለ። ባለቤቱም መጀመሪያ ያሰበው ይህንኑ ነበር። ሽማግሌው መካኒክ ግን አልተቀበሉትም።

«ልጄ፣ የጃፓን ሞተር ከፈለግህ የጃፓን መኪና ግዛ። ይሄ አባትህ የነዱት መኪና ነው፤ ልቡን አውጥተን ምን ልንልህ ነው?»

«ጋሼ፣ ጉልበት ያንሰዋል ብዬ እኮ ነው።»

«ለምን ጉልበት? ራስህ አይደል እንዴ ሩጫ አይደለም ያልከን?»

እኔም ከእሳቸው ጋር ነበርኩ፤ የእኔ ምክንያት ግን ሌላ ነው። የጥንታዊ መኪና ውድድር ትርጉም የሚኖረው መኪናው ዘመኑን ሲጠብቅ ነው። 2,286 ሲሲው ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር 70 ፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ ቢኖረውም በቀላሉ የማይሞት ሞተር ነው። በእርግጥ ያ 70 ፈረስ የሚገኘው ባሕር ወለል ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ እዚህ የሚገኘው ጉልበት ከ50 ፈረስ ብዙም አይበልጥም። ይህን ቁጥር በወቅቱ ያነሣነው ባለቤቱን ለማጽናናት ነበር። ኋላ ላይ የጉዳዩ ቁልፍ የሆነው ግን ይኸው የሳሳ አየር ነው።

ሞተሩ ወርዶ ተፈታ። የፒስተኖቹ ፋሻዎች (ቀለበቶች) ተለወጡ፤ ቫልቮቹ ተሞረዱ፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተስተካክሎ በአዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተገጠመ። የቫልቮቹ ክፍተት 0.25 ሚሊሜትር፣ የእሳቱን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው የፑንቲናው ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር ተደረገ። መለዋወጫው ከፊሉ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተለቅሞ የመጣ ነው፤ ያልተገኘው ቡሽና ፒን እዚሁ ከተማ ውስጥ በቶርኖ ተሠራ።

ሻንሲው

ላንድሮቨር የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ከላይ አይዝግም፤ ሰውም መኪናው ጤነኛ ይመስለዋል። ሻንሲው ግን ከብረት ላሜራ የተበየደ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ሣጥን ነው። ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ በጭቃ ሲደፈኑ እርጥበቱ ውስጥ ይቀመጥና ብረቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። የመንዝ የክረምት ጭቃ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

መካኒኩ ሻንሲውን የመረመሩት በትንሽ መዶሻ ነው። ከፊት ጀምረው፣ በአንድ ስንዝር ልዩነት እያንኳኩ፣ ጆሯቸውን አዘንብለው ሄዱ። ጤነኛው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ይደነቁራል፤ አልፎ አልፎም መዶሻው ገብቶ ይቀራል። የኋላው ባሌስትራ (ባለ ቅጠል ስፕሪንግ) የሚታሰርበት አካባቢና መጨረሻ ላይ ያለው አግዳሚ ሁለት ቦታ ላይ ተበሳ። ከቀዳዳው ውስጥ ደረቅ ጭቃ፣ ገለባና የዝገት ቅርፊት እየተዘረገፈ ወጣ። ለጋራዡ ልጆች ከዚያ የተሻለ ትምህርት አልነበረም፤ የትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ያን ድምፅ አያስተምርም።

ክፉኛ የተበላው ሁሉ ተቆርጦ በተመሳሳይ ውፍረት ላሜራ ተተካ። እዚህ ላይ መካኒኩ አንድ ሕግ አወጡ፦ በአሮጌው ላይ ላሜራ መደረብ የለም። የተደረበ ብየዳ ለምርመራ ያምራል፤ በመሐሉ ግን ውሃ ይይዛል፤ አጠገቡ ያለውንም ብረት ያደክማል። ውሃ ማፍሰሻዎቹ ሁሉ ተከፈቱ። አሉሚኒየሙ ብረት በሚነካበት ቦታ ላይ ጎማ ገባ፤ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙን የሚያረግፈው ዝገት ይነሣልና።

ባሌስትራው ላይ አንድ ቅጠል ተጨመረ። ከዚህ በላይ ቢጨመር መኪናው ድንጋይ ላይ ይዘልላል፤ የሚዘልል መኪና ደግሞ ፍጥነቱን ጠብቆ መሄድ አይችልም። ፖርቶ መጋላው (የጣሪያው ዕቃ መጫኛ) በሐሳብ ደረጃ ሁለት ጎማ፣ ጀሪካኖችና የአሸዋ መውጫ ብረት እንዲጫንበት ታቅዶ ነበር፤ ከባዱ ሁሉ ወደ ታች ወርዶ ከኋላ ወንበር ጀርባ እንዲታሰር ተደረገ።

ፍሬኑ ብዙ አላከራከረም። አራቱም ታምቡር ስለሆኑ ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ከጋሉ እንደሚደክሙ ያገሬው ሾፌር ሁሉ ያውቃል። አዲስ የፍሬን ሸራ ገባ፤ የፍሬን ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። ከጣርማበር ዋሻ እስከ ደብረ ሲና ድረስ በማርሽ ተይዞ ተወረደ፤ ፍሬኑም ሳይጎድል ደረሰ።

ፍላቱ

ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአንድ ጠዋት ከብርድ ወደ ሙቀት የሚያወርድ እንዲህ ያለ መንገድ ሰሜን ሸዋ ስላላት ሙከራውን ሌላ አገር ሄዶ ማድረግ አላስፈለገም። በጥንት ዘመንም ነጋዴው ጨው ጭኖ ከአፋር ቆላ ወደ አልዩ አምባ፣ ከዚያም ወደ አንኮበር የወጣው በዚሁ የሸንተረር ጠርዝ ላይ ነው። አውሬውም ሰውም ከብቱም በእያንዳንዱ ከፍታ የተለየ ነው፤ ሞተርም እንዲሁ።

መኪናው ሜዳው ላይ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስተኛና አራተኛ ማርሽ ላይ ጭነት ይዞ ሲሄድ ፈላ። መንገድ ላይ ያገኘነው ሰው ሁሉ «ቆላ ነው፣ ሙቀቱ ነው» አለን። ተመለስን፤ ራዲያተሩ ለጠራጊ ተሰጠ። ቱቦዎቹ ውስጥ ጥቂት ቆሻሻ ተገኘ፤ ሁላችንም ተገላገልን ብለን አመንን። ከዚያ በኋላ በተደረገው ሙከራ ፈላ።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ጓርኒሲዮኑ ላይ ነበር። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የለም፤ ዘይቱ አልነጣም፤ ውሃውም የጭስ ሽታ የለውም። ስለዚህ ይህ ጥርጣሬ ቀረ። ሦስተኛው ሐሳብ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚያግደውን ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ነበር፤ ብዙ ጋራዥ የሚያደርገው ይህን ነው። መካኒኩ እንቢ አሉ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ ላይ በቶሎ አይሞቅም፤ ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ፋሻውን ይበላል። እምቢታቸው ትክክል ነበር፤ ቢያወጡትም ኖሮ መንስኤው አይነካም ነበር።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ውሃ ደብረ ብርሃን ላይ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን 95 ዲግሪ አልፎ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ስለሚይዝ ሁለቱም ከዚህ ከፍ ይላሉ፤ ልዩነቱ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ራዲያተሩ ብቻ ቢሆን ችግሩ ዳገት ላይ፣ ጣርማበር ላይ ቀድሞ መታየት ነበረበት። ደጋ ላይ ፈጽሞ ሳይፈላ ቆላ ላይ የሚፈላ ሞተር፣ ከአየሩ ሙቀት በተጨማሪ ራሱ ከደጋው ይልቅ ብዙ ሙቀት እያመነጨ ነው ማለት ነው።

ይህን ለመካኒኩ ስነግራቸው ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ፣ በሚቀጥለው ሙከራ ሜዳው ላይ መኪናው ልክ መጋል ሲጀምር እንዲቆም አደረጉ። ሞተሩን በሚኒሞ እንዲዞር አልፈቀዱም፤ ወዲያው አስጠፉት። ከዚያ ድብልቁን በብልጭታ ከሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች አንዷን በጨርቅ ይዘው ፈቱ። ደብረ ብርሃን ላይ ስናያት ጫፏ ጥሩ ቡናማ ነበር። አሁን ሸክላው እንደ ኖራ ነጥቷል፤ ጠርዙም ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይታያል። ሌሎቹ ሦስቱም እንደዚያው። መካኒኩ ካንዴላዋን ፀሐይ ላይ እያገላበጡ ተመለከቷት፤ «ሞተሩ ቤንዚን ተርቧል» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቡሬተር አየሩን በክብደት አይመዝንም፤ የሚያልፈው አየር በሚፈጥረው ስበት ቤንዚን ይጠባል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው መጠን አይቀንስም፤ ስለዚህ ደጋ ላይ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ነዳጅ ይጨርሳል። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ይህን ለማስተካከል ዋናውን ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚኑ በልክ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎን፣ በጠባብ ለውጦታል። ለመንዝና ለደብረ ብርሃን መልካም ሥራ ነው። እኛ ካርቡሬተሩን ስናጸዳ ያንኑ መልሰን ገጠምነው።

ከ2,800 ወደ 1,280 ሜትር ሲወረድ፣ በመደበኛ አየር ስሌት፣ አየሩ በስድስተኛ እጅ ገደማ ይወፍራል። ድብልቁ በሥሌት ወደ 8 በመቶ ቤንዚን ያንሰዋል። ባሕር ወለል ቢደረስ ጉድለቱ 15 በመቶ ይጠጋል። የቆላው ሙቀት አየሩን ትንሽ ስለሚያሳሳው ቁጥሩ በመጠኑ ይቀንሳል እንጂ አቅጣጫው አይለወጥም። ቤንዚን የጎደለበት ድብልቅ ጭነት ላይ ሞተሩን ያግላል።

ሁለተኛው ምክንያት በመጀመሪያው ላይ ተደረበ። ሳስቶ የታመቀ ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚነድ፣ ደጋ ላይ መካኒኮች እሳቱን ከፋብሪካው ልክ አስቀድመው ያስሩታል። ቆላ ላይ ድብልቁ በወፈረ አየር ሲታመቅ ቶሎ ይነድዳል፤ አስቀድሞ የተሰጠው እሳት ፒስተኑ ገና ሲወጣ ይመታዋል። ሜዳው ላይ ከሞተሩ የሰማነው መንኳኳትም ይህ ነው። መንኳኳቱም ሙቀት ነው፤ በቆየ ጊዜ ፒስተን ይበሳል።

ማስተካከያው

መድኃኒቱ ከሕመሙ ቀላል ነው። ለአንድ ካርቡሬተር ሁለት ዋና ጂግለር ተዘጋጀ፤ አንዱ ሰፊ ለቆላ፣ አንዱ ጠባብ ለደጋ። በተጨማሪም፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር በሚታሰርበት ቦታ ላይ፣ አንዱ ለደጋ አንዱ ለቆላ፣ ሁለት ጭረት ተደረገ። ወደ ቆላ ሲወረድ ደብረ ሲና ላይ ቆሞ፣ ኮፈን ከፍቶ፣ ጂግለር ቀይሮ፣ ዲስትሪቢዩተሩን ወደ ቆላው ጭረት መመለስ ለለመደ እጅ ከሻይ መጠጫ ጊዜ አይበልጥም። ለራሊው ግን መቀያየር አያስፈልግም፤ የቆላው እንደተገጠመ ይቀራል።

ሌላም ነገር ተገኘ። ከቬንቲሌተሩ ዙሪያ አየሩን ወደ ራዲያተሩ የሚመራው ክብ ላሜራ ከድሮ ጀምሮ ጠፍቶ ነበር፤ በቀጭን ላሜራ ተሠርቶ ተገጠመ። የራዲያተሩም ክዳን ስፕሪንጉ የደከመ ስለነበር ተለወጠ። እነዚህ ብቻቸውን ቢደረጉ ችግሩን ይሸፍኑት ነበር፤ ካንዴላው ግን መንጣቱን አይተውም። ለዚህ ነው መጀመሪያ መንስኤው እንዲገኝ የተሟገትኩት።

ከዚያ በኋላ በተደረገው ሙከራ፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው የከሰዓት ፀሐይ፣ መለኪያው ከመሐል ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ። መኪናው ጉልበትም አገኘ። ባለቤቱ ይህን አላመነም ነበር፤ የወፈረው አየር እስካሁን ሲያሳምመው የኖረውን ሞተር አሁን ጉልበት ሰጠው።

ኪሎሜትር ቆጣሪው

ለአማካይ ፍጥነት ውድድር ከሞተሩ ያላነሰ ሥራ የፈጀው ይህ ነው። መንገድ መሪ ሆና የምትቀመጠው የባለቤቱ እህት ናት፤ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ከሁሉም በፊት የጠየቀችው «ቆጣሪው ስንት ይዋሻል?» ብላ ነው። ላንድሮቨር ላይ ቆጣሪው የሚዞረው ከማርሽ ሣጥኑ በሚወጣ ገመድ ነው፤ ስለዚህ የሚቆጥረው የጎማውን ዙር እንጂ መንገዱን አይደለም። 7.50 በ16 ጎማ በአንድ ዙር 2.5 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ጎማው ካለቀ ወይም አሸዋ ላይ ንፋስ ከተቀነሰለት ይህ ያንሳል፤ ጎማው አሸዋ ላይ ከተንሸራተተ ደግሞ ቆጣሪው ያልተሄደውን ይቆጥራል።

ስህተቱ ትንሽ ይመስላል። አንድ በመቶ ብቻ ቢሆን በ50 ኪሎሜትር 500 ሜትር ነው፤ በሰዓት 60 ኪሎሜትር ለሚሄድ መኪና 30 ሰከንድ ማለት ነው። ሰከንድ እየተቆጠረ ነጥብ በሚወሰድበት ውድድር ይህ ሊጥል ይችላል። ልጅቷ በአስፋልቱ ላይ ያሉትን የኪሎሜትር ድንጋዮች ተጠቅማ ቆጣሪውን በሦስት የጎማ ንፋስ ልክ ለየብቻ አወዳደረች፤ ለእያንዳንዱ ማስተካከያ ቁጥር አውጥታ ትንሽ ሠንጠረዥ ሠራች። ሠንጠረዡ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ከፊት ለፊቷ ተለጥፏል። ከሥራው ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህን ነው።

የቀረው

የመገልበጫ መከላከያ ብረቱ፣ የውድድር ቀበቶውና እሳት ማጥፊያው ገና አልተገጠሙም፤ እነዚህ ዓለም አቀፍ መስፈርት ስላላቸው ጋራዡ በግምት ሊሠራቸው አልፈለገም፤ በሚመለከተው አካል የተረጋገጡ ብቻ ይገባሉ። የአየር ማጣሪያው ዘይት የሚቀመጥበት የድሮው ዓይነት ሆኖ ይቆያል፤ ለብናኝ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በበረሃ በየምሽቱ ተፈትቶ፣ ዘይቱ ተደፍቶ፣ በአዲስ መሞላት አለበት። ይህን ሥራ መካኒኩ ለሚሄደው ወጣት መካኒክ አሁን እያስተማሩት ነው፤ ወጣቱ እጁን አስለምዶ እስኪጨርስ ድረስ መኪናው ከጋራዡ አይወጣም።